ቀዩ ውጤት የቆመበት ሰኔ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሚጻፍ ብዙ ነገር የለም። አለቃችን "ለአንድ ደቂቃ" ብሎ ጠራኝና አዲስ ለመጡ ደንበኞች ፕሮግራማችንን አሳዪ አለኝ። የሱን አንድ ደቂቃ የማያውቅ ይወቀው። ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ሻዬ በረዶ ሆኗል፣ ስክሪኔ ተቆልፏል፣ ስልኬ ላይ ከታናሽ እህቴ ከሚጡ ሦስት ያልተነሳ ጥሪ አለ። ለስብሰባው ብዬ ድምፁን አጥፍቼ እዚያው ትቼው ነበር።

ሚጡ ማታ ዘግይታ ገባች። የነርስ ጫማዋን በር ላይ ሳታወልቅ ቀጥታ ክፍሏ ገባች፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። "እራትስ?" አልኳት። "እታለም፣ ተይኝ ዛሬ።" ተውኳት።

ራሴን ያመኛል። ልተኛ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ምሳ ሰዓት፣ በችኮላ። ለሥራ ባልደረባዬ ለጋሽ ኬብል "ያን በር ይዝጉት" አልኳቸው። ዘጉት። ምንም አልጠየቁኝም። ጥሩ።

ማታ። ሚጡ ነገረችኝ። ትናንት ከሰዓት እሷ ክፍል አልጋ ሰባት ላይ ያሉ ሽማግሌ ልባቸው ቆመ። ተረባርበው መለሷቸው፤ አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናቸው፤ ይድኑ አይድኑ ማንም አፉን ሞልቶ አይናገርም። ደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሺየም ሰማይ ነክቶ ኖሯል። ላብራቶሪው ቀድሞ አውቆታል፤ እሷ ግን አላወቀችም።

"ውጤቱ አልደረሰኝም እኮ እታለም። ላብራቶሪ ደወልኩ። 'ልከናል፣ ስክሪንሽን እዪ' አሉኝ። አየሁ፤ የለም። ዘግቼ ከፈትኩ፤ የለም። የሌሎቹ ሁሉ ውጤት እየገባ ነው፣ የሳቸው ብቻ የለም። ሽማግሌው ከወደቁ በኋላ ስመለስ ቀዩ አስቸኳይ ውጤት እዚያው ቁጭ ብሏል! ሰዓቱን ሳይ ደግሞ ምሳ ከበላሁበት ጀምሮ እዚያ የነበረ ይመስላል። አብጃለሁ እንዴ?"

"ኔትወርክ ይሆናል" አልኳት።

"ኔትወርክ ቢሆን የሌሎቹስ እንዴት ገባ?"

ሳህኑን አነሳሁና ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ሳህኑ ንጹህ ነበር።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

እዚህም ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ሚጡ ዱሮ "ግን ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠሪው?" ብላ ስትጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነበር የመለስኩላት። ፕሮግራም እየሮጠ የሚሄድ ሰው ነው በይ። ዲበገር የሚባለው መሣሪያ ያንን ሰው መሀል መንገድ ላይ "ቁም!" ብሎ ኪሱን ይፈትሻል። የት እንደሚቆም የምወስነው እኔ ነኝ፤ ከኮዱ አንዱ መስመር ላይ ማቆሚያ አስቀምጣለሁ። እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እኔ "ቀጥል" እስክለው እግሩን አያነሳም። ሚጡ በሳቅ ሞታ "ትራፊክ ነሽ በይኛ!" አለችኝ።

የማቆመው የራሴን ነው። የኔው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አንድ መሞከሪያ ሰርቨር አለኝ፤ ሎካል እንለዋለን። ዲበገሩን ከሱ ጋር አያይዛለሁ፣ አቆመዋለሁ፣ እፈትሸዋለሁ፣ እለቀዋለሁ፤ ማንም አይጎዳም። በሽተኞቹ እንኳ የቀልድ ናቸው። አቶ ሽንኩርት፣ ወይዘሮ ካሮት፣ ወይዘሪት ጎመን። ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።

ሰሞኑን ግን ሚጡ የምትሠራበትና በኛ ፕሮግራም የሚጠቀመው ሆስፒታል ውስጥ አስቸኳይ ውጤት፣ ማለትም በቀይ የሚላከው፣ አልፎ አልፎ ሁለት ጊዜ እየታየ አስቸገረን። በኔ ሎካል ላይ ይህ ችግር ፈጽሞ አይታይም። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሰርቨሮቻችንን የሚጠብቁትን ሰው፣ ሁሌ አንገታቸው ላይ ሽቦ ስለማይጠፋ ጋሽ ኬብል የምንላቸውን፣ ለመንኳቸው። በሆስፒታሉ ሰርቨር ላይ ለዲበገሬ መግቢያ በር ከፈቱልኝ። "ደንቡ አይፈቅድም፤ ለግማሽ ቀን ብቻ" አሉኝ። እኔም ለማያያዝ እንዲመቸኝ ዲበገሩ ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደሚያያዝ የሚነግረውን "ሎካል" የሚል ቅንብር ገልብጬ አድራሻውን ወደ ሆስፒታሉ ቀየርኩት። ለግልባጩ ስም ያወጣለት ፕሮግራሙ ራሱ ነው፦ "ሎካል 1"። ስሙን ልቀይረው አስቤ ነበር። በኋላ አልኩ። የዚያን ቀን ምንም ሳላቆም አይቼ ወጣሁ። በሩን ግን ዝጉት አላልኳቸውም።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ከራሴ ሎካል ጋር የተያያዝኩ መስሎኝ "ሎካል 1"ን ነካሁ። ቀዩን ውጤት የሚልከው መስመር ላይ ማቆሚያ አስቀመጥኩ። ሌላው ሁሉ ይሂድ፣ ቀዩ ብቻ ይቁም ብዬ ነው ያዘጋጀሁት። ከዚያ አለቃችን ጠራኝ።

ስመለስ ቆሟል። "ጎሽ፣ ያዝኩህ!" አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር! ወደ ውስጥ አየሁ። የበሽተኛው ስም ሽንኩርትም አይደለም፣ ካሮትም አይደለም። የሰው ስም፣ ከነአባቱ። ዕድሜ ሰባ ሁለት። አልጋ ሰባት።

"ቀጥል" የሚለውን ተጫንኩ። ዲበገሩን ነቀልኩ። "ሎካል 1"ን አጠፋሁ። የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጣሁት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ውጤቱ የተላከበትን ሰዓት የምንመዘግበው ማቆሚያውን ካስቀመጥኩበት መስመር በፊት ነው። ስለዚህ ውጤቱ እኔ ጋ ቆሞ ሲውል ሰዓቱ ቀድሞ ተጽፏል። ማንም ቢያየው በጊዜው የደረሰ፣ ሚጡ ግን ዞር ብላ ያላየችው ነው የሚመስለው። ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስቀድሞ ይመዝገብ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ዛሬ ልነግራት ቁጭ ብዬ ነበር። "ሚጡዬ" አልኩ። ስልኳ ጮኸ። የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትሮኗ ናቸው። ተነስታ ወጣች።

ነገ እነግራታለሁ።

ሰኔ 8፣ እሑድ

አልነገርኳትም። ትናንትም እንግዳ ነበር። ዛሬም ተኝታ ዋለች።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ጉዳዩ እስኪጣራ ሚጡ ከሥራ ታገደች። ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሜትሮኗ እንደነገሯት ከሆነ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፤ የነርስነት ፈቃዷን ሊነጥቋት ይችላሉ።

ዩኒፎርሟን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሰቅላ አየኋት። "የት ልትሄጂ?" አልኳት። "የትም" አለችኝ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ። ሚጡ ለኮሚቴው "ሲስተሙ ነው" ስላለች ሆስፒታሉ ለመሥሪያ ቤታችን ጥያቄ ላከ፦ በዕለቱ ችግር ነበረ ወይ? አለቃችን ወረቀቱን ይዞ የመጣው ወደ ማን ነው? ወደኔ።

"ያቺን የፕሮግራሙን ክፍል የምታውቂው አንቺ ነሽ። እዪና መልስ ጻፊላቸው" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ "ቆይ፣ እህትሽ እዚያ ሆስፒታል አይደል የምትሠራው?"

"ሌላ ክፍል ናት" አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ጻፍኩ። "በተጠቀሰው ዕለት በሲስተሙ ላይ የታየ ስህተት የለም።" አንድ ቃል ውሸት የለበትም። ስህተት ቢኖር ይመዘገብ ነበር፤ የተመዘገበ የለም። ቁም የተባለ ነገር ቢቆም ምኑ ስህተት ነው? እየደጋገምኩ አነበብኩት። እውነት ነው። ቃል በቃል እውነት ነው። ታዲያ ከላክሁት በኋላም ለምን እንደገና አነበብኩት?

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ጋሽ ኬብል ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። ሁለት ሽቦ አንገታቸው ላይ፣ አንድ ጥርሳቸው መሀል። ሽቦውን ከአፋቸው አወጡ።

"ያን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚነሳው የኔ ስም ነው።"

"ማን ይጠይቃል ብለው ነው ጋሼ?"

"እኔ እንጃ። ብቻ አንቺ የምትነግሪኝ ነገር የለም አይደል?"

"የለም።"

"እንግዲያው ጥሩ" አሉና ወረዱ። በጣም ቀስ ብለው ወረዱ።

እንግዲህ ለሳቸውም ማሰብ አለብኝ። ጡረታ ሊወጡ ምን ቀራቸው? እኔ አፌን ብከፍት አብረውኝ ይወድቃሉ። ለኔማ ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ ተናግሬ ነበር።

ይህን መልሼ ሳነበው አፈርኩ። ግን አልሰርዘውም።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

እማዬ ደወለች። እንዴት እንደሰማች አላውቅም፤ የኛ እናት ሳይነገራት ነው የምትሰማው።

"ያቺ ልጅ ድምጿ ልክ አይደለም" አለችኝ። "ምን አድርገዋት ነው?"

"ሥራ ቦታ ትንሽ ነገር ነው እማዬ። ያልፋል።"

"አንቺ እያለሽላትማ ምን ትሆናለች! ያ ሆስፒታል የሚሠራበት ኮምፒውተር የናንተ አይደለም እንዴ? እስቲ አንድ ነገር አድርጊላት።"

"እሺ።"

"አደራ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ!" ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮህኩ። ከዚያ መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ "ምነው፣ አሞሻል እንዴ?" አለችኝ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ሚጡ አዲስ አመል አውጥታለች። ከቤት ስንወጣ በሩን ቆልፋ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትመለሳለች። "ቆልፌዋለሁ?" "ቆልፈሻል።" "አይተሻል?" "አይቻለሁ ሚጡ።" ማታ ደግሞ ምድጃውን አጥፍታ ፊቱ ቆማ ታየዋለች። "ጠፍቷል አይደል?" ትለኛለች። እጇን ታስጠጋና እንደገና ትጠይቀኛለች።

በሕፃንነቷ እንኳ እንዲህ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ ፈሪዋ። ጨለማ ክፍል ገብታ መብራት የምታበራልኝ እሷ ነበረች፤ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች።

ሽማግሌው ነቅተዋል አለችኝ። ጓደኛዋ ደውላ ነግራት ነው። ያ ቀን ግን ከጭንቅላታቸው ጠፍቷል፤ ምንም አያስታውሱም። "ቢያስታውሱ ይመሰክሩልኝ ነበር" አለች። "ስክሪኑን ስንት ጊዜ እንዳየሁ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።"

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ሚጡ የዓይን ሐኪም ጋ ሄዳ መጣች።

ሳትነግረኝ ነው የሄደችው። ማታ ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። መነጽር ቢታዘዝላት ደስ ይላት ነበር፤ በመነጽር የሚድን ነገር ይሆን ነበራ። "ዓይንሽ የንስር ነው አለኝ" አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "ዓይኔ ደህና ከሆነ ደህና ያልሆነው ልቤ ነዋ እታለም! ሰው እየሞተ እኔ ሌላ ዓለም ውስጥ ነበርኩ ማለት ነው። ቀዩን ዓይኔ እያየው አላየሁትም ማለት ነው።"

አቀፍኳት። አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። ምን እንዳልኳት እጽፋለሁ፤ ይጻፍ። "አይዞሽ" አልኳት። "ሰው በጣም ሲደክመው ፊቱ ያለውንም አያይም። እኔም ያጋጥመኛል።"

እሷም ራሷን ነቀነቀች። አመነችኝ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

አልተኛሁም። ሥራዋን መውሰድ አንድ ነገር ነው። እኔ ትናንት ዓይኗን ወሰድኩባት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኔ 22፣ እሑድ

ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። የመሥሪያ ቤታችን መልስ ደርሷቸዋል፤ ሜትሮኗ በስልክ አንብበውላታል። "የታየ ስህተት የለም" የምትለዋን ሚጡ በቃሏ ይዛታለች። ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ።

"ማን እንደጻፈው ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"የጽሕፈት ክፍል ይሆናል።" የጽሕፈት ክፍል የለንም።

ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠችኝ። "ላምን ነው" አለች። "'አላየሁትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው' እላቸዋለሁ። ካመንኩ ፈቃዴን አይነጥቁኝም፤ ለጊዜው ነው የሚያግዱኝ ብለውኛል። አንቺ ነገር ማሳመር ታውቂያለሽ፣ አለማምጂኝ። አንቺ ሜትሮኗን ሁኚ።"

ሜትሮኗን ሆንኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ሆንኩ! መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አውርጄ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ እሷም በመጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

"ውጤቱ ሲመጣ የት ነበርሽ?"

"እዚያው ስክሪኑ ፊት።"

"ታዲያ ለምን አላየሽም?"

እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። "እታለም፣ እዚህ ጋ ምን ልበል?" አለችኝ። "እዚህ ጋ ምን እንደምል እኮ አላውቅም።"

እኔ አውቃለሁ። በዓለም ላይ እዚያ ጋ ምን እንደሚባል የማውቅ አንድ ሰው እኔ ነኝ። "ሻይ ላፍላ" ብዬ ተነሳሁ። ውሃው ፈልቶ እስኪገነፍል ጀርባዬን ሰጥቻት ቆምኩ። "ምድጃው!" ብላ የጮኸችው እሷ ናት።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ቢሮ። ትንሽ ደቂቃ አለኝ። ጠዋት ወደ አለቃችን ሄጄ "ነገ የሆስፒታሉን ሜትሮን ጥራልኝ፤ ያን ቀን የሆነውን ላሳያቸው ነው" አልኩት። "ምንም አልሆነም ብለሽ ጽፈሽ የለም እንዴ?" አለኝ። "ጽፌያለሁ" አልኩት። ስልኩን አነሳ።

ከዚያ ወደ ጋሽ ኬብል ሄድኩ። ጠረጴዛ ሥር ገብተው እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው። ለእግራቸው ነገርኩት። ሁሉንም። ይህም ይመቸኛል፤ ፊት የሌለው ሰው።

ሲወጡ ጉልበታቸውን አራገፉ። "ስሙን ሳትቀይሪው ነው አይደል?" አሉኝ። "የግልባጩን ስም።"

"ያውቁ ነበር?"

"በሩን ዝጉት ስትዪኝ ፊትሽን አይቼ አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ። ምን እንደሆነ ግን ልጠይቅ አልደፈርኩም። ፈሪ ነኝ እኔም።" ከዚያ "ነገ እኔም እመጣለሁ፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"ያስከፈትኳቸው እኔ ነኝ እላለሁ" አልኳቸው።

"በይ። እኔ ደግሞ የምለውን እላለሁ።"

ለሚጡ "ነገ ከኔ ጋር ቢሮ ነይ" አልኳት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። በአፌ መንገር አቅቶኝ ነው። ማሽኑ ይንገርልኝ ብዬ ነው። ልክ አይደለም፤ አውቃለሁ።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ስብሰባ ክፍላችን ውስጥ ነን። አለቃችን፣ ሜትሮኗ፣ ሚጡ፣ ጋሽ ኬብል። በዚህ በኩል የኔ ኮምፒውተር፣ ፊት ለፊት ደግሞ ጋሽ ኬብል ሁለተኛ ስክሪን አቁመዋል፤ ሚጡ ክፍሏ ውስጥ የምታየውን ዓይነት። ሚጡን እሱ ፊት አስቀመጥኳት። "እንደ ሥራሽ ሁኚ" አልኳት።

የራሴን ሰርቨር አስነሳሁ። የራሴን፤ አድራሻውን ሦስት ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ ዲበገር ሳይነካው የአቶ ሽንኩርትን ቀይ ውጤት ላክሁ። ሚጡ ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ሜትሮኗ "አቶ ሽንኩርት?" ብለው ፈገግ አሉ። ማንም አልተከተላቸውም።

ከዚያ ዲበገሩን አያያዝኩ። ያው መስመር፣ ያው ማቆሚያ። የወይዘሮ ካሮትን ቀይ ውጤት ላክሁ። ላብራቶሪው በኩል "ተልኳል" አለ። የወይዘሪት ጎመንን ተራ ውጤት አስከተልኩ፤ እሱ ሚጡ ጋ ደረሰ። ቀዩ አልደረሰም። እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስቼ ተቀመጥኩ።

ጠበቅን። አለቃችን ተቁነጠነጠ። "አሁን ምንድን ነው የምናየው?" አለ። እኔ ሚጡን ነበር የማየው።

መጀመሪያ ዝም ብላ አየች። ከዚያ ጣቷ ራሱ ሄደ። ስክሪኑን የሚያድሰውን ቁልፍ ተጫነች። የለም። እንደገና ተጫነች። የለም። ዘግታ ከፈተች። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ በጣቷ የስሞቹን መደዳ ከላይ ወደ ታች ወረደች። እንደገና ቁልፉን። እንደገና። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምን ስታደርግ እንደዋለች አየሁ። ማንም የነገረኝ የለም፤ ጣቷ ነው የነገረኝ። ሜትሮኗም አዩ።

"እንዲህ ነበር" አለች ሚጡ፣ ለማንም ሳይሆን። "ልክ እንዲህ ነበር።"

"ቀጥል" የሚለውን ተጫንኩ። የወይዘሮ ካሮት ቀይ ውጤት ሚጡ ፊት ብቅ አለ። ሰዓቱን አየችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። እንደገና የስክሪኑን። ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

"ያን ማክሰኞ ያቆምኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "የራሴ መስሎኝ የናንተን። ጋሼን በሩን ያስከፈትኳቸውም እኔ ነኝ። ስህተት የለም ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። ውጤቱ እሷ ጋ አልነበረም።"

ጋሽ ኬብል "ደንቡን የጣስኩት እኔ ነኝ" ማለት ጀመሩ፤ የሰማቸው የለም። ሜትሮኗ መነጽራቸውን አውልቀው እንደያዙ ቀሩ። አለቃችን ስሜን ጠራ።

ሚጡ ተነሳች። አጠገቤ ስትደርስ የምትመታኝ መሰለኝ፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። "ዓይን ሐኪም ጋ ስሄድ" አለችኝ። "ዓይን ሐኪም ጋ ስሄድ እንኳ?"

ብቻዋን ወጣች።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሐሙስ ኮሚቴው እገዳዋን አነሳ። ሰኞ ሥራ ትገባለች። እኔ ከትናንት ጀምሮ ሥራ የለኝም፤ አለቃችን ጠረጴዛዬን እንዳጸዳ ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነው። ጋሽ ኬብል ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የደረሳቸው። እቃዬን እስከ በር ተሸክመውልኝ ወረዱ።

ሚጡ አታናግረኝም። ክፉም አትናገረኝም። ምድጃውን አጥፍታ ሳትመለስ ትተኛለች።

ለእማዬ ራሴ ደውዬ ነገርኳት። "ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ" አለችና ዘጋችው። ይበለኝ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ሽማግሌው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥተው ወደ አልጋ ሰባት ተመልሰዋል። ሚጡ በስልክ ለጓደኛዋ ስትናገር ነው የሰማሁት። ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ አልኩ በልቤ። ግን እኮ ምንም አያስታውሱም። ማንነቴን ከየት ጀምሬ ልንገራቸው?

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ሚጡ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገባች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ እንደ ዱሮዋ። ውሃ ቀዳሁላት፤ ተቀበለችኝ።

ከዚያ ድፍረት ከየት እንዳገኘሁ አላውቅም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። "ያን ቀን ሦስት ጊዜ ደውለሽልኝ ነበር። ለምን ነበር?"

ብርጭቆውን አስቀመጠች። "አሁን ነው የምትጠይቂኝ?" አለች። "ያን ማታ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። በማግስቱም ጠበቅኩ። ሁሌ ያልተነሳ ጥሪ ስታዪ 'ምን ሆነሽ ነው?' የምትዪኝ አንቺ ነሽ። ዝም ስትዪ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ልትገድል የነበረች ነርስ እህት ስላለችሽ።"

ብርጭቆውን እንደገና ሞላሁላት።

"ሁለቱ ስለ ሲስተሙ ነው" አለች። "ተጣብቋል፣ እዪልኝ ልልሽ። የመጀመሪያው ግን ለሱ አልነበረም። ሽማግሌው ፈርተው ነበር። 'ውጤቴ መቼ ነው የሚመጣው?' እያሉ እጄን አልለቅ አሉ። 'አይፍሩ አባባ፣ አስቸኳይ ከሆነ ወዲያው እዚህ ቀይ ሆኖ ይመጣል፤ የሠራችው የኔ እህት ናት' አልኳቸው። አላመኑኝም። 'ነርስ ደግሞ ኮምፒውተር የምትሠራ እህት ከየት አመጣች!' ብለው ቀለዱብኝ። ካንቺው አፍ ይስሙት ብዬ ነው የደወልኩት።"

ዩኒፎርሟን ልታጥብ ተነሳች። የክፍሏን በር ስትከፍት ሳትዞር፦

"ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዤላቸው ነበር" አለች። "ጠርቶ ጠርቶ እስኪዘጋ ሰሙት።"